ስለ ጉበት ክትባት ጠይቀን እንረዳ



ልጅ እንደ ተወለደ በሆስፒታል፣ ከዚያም በአንድ ወሩና በስድስት ወሩ በቲፓት ሐላቭ የሚወጋው የጉበት ክትባት አለ። ይኸውም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነው። እስራኤል ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ ትሰጠዋለች። «ይህ መርፌ ከማን ደም ተሠራ?» ብለው የሚጠይቁን እናቶች አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኛ በ1996 መጀመሪያ ላይ፣ የለገስነው ደም ሳይነገረን ሲደፋ መኖሩን የሰማን ሕዝብ ነን። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ለጥያቄው ግን መልስ አለው። በ1981 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው ክትባት በእርግጥ ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ደም ተጣርቶ ይሠራ ነበር። በ1986 ግን ሌላ ዓይነት ተፈቀደ። የቫይረሱን የውጭ ሽፋን የሚያሠራው የዘር መልእክት፣ ማለትም የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ፣ ተወስዶ እርሾ ውስጥ ይገባል። እርሾው ዳቦ ከሚያስነሣው ወገን ነው። እየተራባ ሲሄድ ያንን ሽፋን ያመርታል፤ ሽፋኑም ተጣርቶ ክትባት ይሆናል። አንዳንዱ ክትባት በእርሾ ፈንታ በእንስሳ ሕዋስ ውስጥ ይዘጋጃል። በሁለቱም የሰው ደም የለም፤ በሽታውን የሚያመጣ ቫይረስም የለም። ሰውነታችን የጠላቱን ልብስ ብቻ አይቶ ይማራል፤ ጠላቱ ራሱ ሲመጣ ያውቀዋል። የስኳር ሕመምተኞቻችን የሚወጉት ኢንሱሊንም ከ1982 ወዲህ በዚሁ ጥበብ ይሠራል።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቫይረሱ በኢትዮጵያ በስፋት ስለሚገኝ ከመካከላችን ይዘውት የመጡ ብዙዎች ናቸው። ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን ሳያሳምም ለዓመታት ተቀምጦ ጉበትን ሊያበላሽ፣ ነቀርሳም ሊያመጣ ይችላል። ሲወለዱ ከእናታቸው ከተያዙ 10 ሕፃናት እስከ 9 የሚሆኑት ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሁሉ ትመርመር። ቫይረሱ ያለባት እናት ልጅ በተወለደ በ12 ሰዓታት ጊዜ ውስጥ ክትባቱንና አንድ ተጨማሪ መርፌ ማግኘት አለበት። ይህ ተጨማሪው መርፌ ከሰው ደም የተጣራ ነው፤ እውነቱን አንደብቅም። ነገር ግን ከክትባቱ ጋር ሆኖ ልጁን ይጠብቀዋል። በሽታው በደም፣ በግንኙነትና በወሊድ እንጂ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ ስለዚህ ማንንም ከማዕድ አናግልል።

ለጤና ባለሥልጣኖችም የምንለው አለን። እናት ያልገባትን ወረቀት አስፈርሞ መሸኘት ማስረዳት አይደለም። መርፌው ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ በምትሰማው ቋንቋ ይነገራት። አስተርጓሚ መጠየቅም መብታችን ነው።

ደማችን ሲደፋ ዝም አላልንም። በልጆቻችን ጤና ጉዳይም ዝም አንበል፤ እንጠይቅ፣ እንረዳ፣ ልጆቻችንንም እናስከትብ።