ጥያቄው «ሐላል ነው ወይ?» ብቻ አይደለም



ውድ አንባብያን! ብረት ማንሳት የጀመረ አንድ ተማሪያችን የቆየ የቦዲ ቢልዲንግ መጽሔት ይዞ መጣና አንድ ማስታወቂያ አሳየን። ደረቱ የሰፋ ጎልማሳ ከአንድ ጣሳ ዱቄት አጠገብ ቆሟል። ተማሪው ለታክሲ የሚሰጠውን ገንዘብ እያጠራቀመ እንዲህ ያለ ዱቄት ሊገዛ አስቧል። «ኡስታዝ፣ ሐላል ነው?» አለን።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለክኒን ሽፋን ከሚውለው ጄላቲን ውስጥ ከአሳማ የሚሠራ አለና። ሆኖም አብሮ መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ማስታወቂያው የሚለው እውነት ነውን? የሚናገረውስ ማን ነው?

ጆ ዊደር የሚባል በካናዳ የተወለደ ሰው በአሜሪካ «መስል ኤንድ ፊትነስ» እና «ፍሌክስ» የተባሉ መጽሔቶችን ያሳትም ነበር። ይኸው ሰው የሰውነት ማጎልመሻ ዱቄትና ክኒንም ይሸጥ ነበር። እንግዲህ አንባቢው ምክር ፈልጎ የገዛው መጽሔት የሻጩ ሱቅ ጭምር ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሁለት ምርቶቹን ማስታወቂያ ተቃወመ። ኩባንያውም ምርቶቹ ጡንቻ ይገነባሉ፣ ስቴሮይድንም ይተካሉ ማለቱን ለማቆምና ለገዢዎች ገንዘብ ለመመለስ ተስማማ።

ሥዕሉም ራሱ ይናገራል። ዊደር እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ አሜሪካ ያስመጣው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር በነዚህ መጽሔቶች ላይ በብዛት ይታይ ነበር። በውድድር ዘመኑ ስቴሮይድ መውሰዱን በኋላ እርሱው በአደባባይ ተናግሯል። ወጣቱ ግን ያየው ጡንቻውንና ጣሳውን ነው። የዓመታት ልምምዱን፣ ቅባቱን፣ መብራቱን፣ መርፌውን ማን ያሳየዋል?

ሁሉም ነገር ውሸት ነው ማለታችን አይደለም። ክሬያቲን ለአጭርና ብርቱ ልምምድ እንደሚያግዝ በጥናት ታውቋል። ፕሮቲንም ለጡንቻ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በጣሳ ብቻ አይገኝም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ምስሩ፣ ባቄላው፣ ወተቱ በየቤታችን ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ እንዲህ ያሉ ምርቶች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት ፍቱንነታቸው በመንግሥት እንዲጸድቅ አያስገድድም። ስለዚህ በጣሳው ላይ መጻፉ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ዛሬ ደግሞ ማስታወቂያው ከመጽሔት ወደ ስልክ ተሸጋግሯል፤ «ወንድሜ» እያለ የሚመክረው ሰው ከሽያጩ ድርሻ ያለው ሊሆን ይችላል።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችሁን ጠንካራ ሰውነት በመመኘታቸው አትቆጧቸው። ጥንካሬ መልካም ነው፤ አካልም የአላህ አማና ነው። ይልቅስ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ጠይቁ፤ ይህን የሚለን ማን ነው? ብንገዛ ምን ያገኛል? ፎቶግራፉን ብናነሳው ምን ማስረጃ ይቀራል? በሽያጭ ማታለል በዲናችን ሐራም ነው፤ ገዢም ገንዘቡን የት እንዳዋለ ይጠየቅበታል።

ተማሪያችን መጽሔቱን እያገላበጠ ማስታወቂያ የሌለበት ገጽ ሲፈልግ ቆየ። ብዙ አላገኘም። «እስኪ ከእናቴ ጋር ልመካከር» ብሎን ሄደ። እኛም ደስ አለን።

ወላሁ አዕለም።