የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ ከሚሴ፣ ዐይኑ ባሕር ዳር

«ሲስተም የለም።» በመሥሪያ ቤቶቻችን ከዚህች በላይ የምትደጋገም ዓረፍተ ነገር ካለች ንገሩን። ከአርጡማ ፉርሲ በጠዋት ተሳፍሮ ከሚሴ የገባውም፣ ከባቲ በኮምቦልቻ ዞሮ የመጣውም ባለጉዳይ የሚሰማው እሷኑ ነው። ሲስተሙ ግን ብዙ ጊዜ አለ። የጠፋው የሚያየው ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ የሰርቨር ፕሮግራም መስኮት ከፍቶ «ይህን ተቀበልኩ፣ ያኛው አልተሳካም» እያለ ይጽፋል። ይህ ኮንሶል የሚታየው ፕሮግራሙ በተነሣበት ሴሽን ላይ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ በሪሞት ዴስክቶፕ ሲገባ ዊንዶውስ ሌላ ሴሽን ይከፍትለታል። ባዶ ዴስክቶፕ ያያል፤ «ሞቷል» ይልና ሁለተኛ ቅጂ ያስነሣል። ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ፖርትና በአንድ ዳታቤዝ ይጣላሉ። ያኔ በእርግጥም ሲስተም የለም!

በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ጊዜ «ስላሽ ኮንሶል» ብሎ የገባ ሰው ማሽኑ ፊት የተቀመጠ ያህል ዋናውን ስክሪን ያይ ነበር። ከሰርቨር 2008 ወዲህ ሴሽን ዜሮ ለሰርቪሶች ብቻ ተለየ፤ እዚያ የተነሣ ፕሮግራም መስኮቱን ለማንም አያሳይም፣ ሎግ ፋይሉን መክፈት ነው። ደግሞ የሪሞቱን መስኮት ዘግቶ መሄድና ሎግ ኦፍ ማድረግ አንድ የሚመስለው አለ። የመጀመሪያው ፕሮግራሙን በሕይወት ይተወዋል፤ ሁለተኛው ይዞት ይሞታል።

ጠባችን ግን ከዊንዶውስ ጋር አይደለም። ከሚሴ ያለው የአይቲ ልጅ የክፍሉን ቁልፍ ይይዛል፣ አቧራውን ይጠርጋል፣ ጄኔሬተር ያስነሣል። ፓስወርድ ግን የለውም። ደውሎ ሲጠይቅ መልሱ «አትንካ!» ነው።

የደህንነት ጉዳይ ነው ይሉናል። ይሁን፤ ስጋቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሉኪፕ የተባለው የሪሞት ዴስክቶፕ ቀዳዳ ሲገኝ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ላቋረጠላቸው ለኤክስፒና ለሰርቨር 2003 ሳይቀር ማስተካከያ አውጥቷል። ግን ያ አደጋ የሚመጣው ፖርት 3389ን ለኢንተርኔት ከፍቶ ከሚተው ነው፤ ከሚሴ ካለው ልጅ አይደለም። ማየት ብቻ እንጂ መንካት የማያስችል መንገድም አለ፤ ሻዶው ይባላል። ከሰርቨር 2012 ተነሥቶ በ2012 አር2 ተመልሷል። ባለሙያው ከሩቅ ሲሠራ ልጁ አጠገቡ እንደቆመ ሆኖ ይመለከታል፣ ይማራል።

ልማዱ የቆየ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት ሲጀመር ወረዳዎች የሳተላይት ሳህንና የቪዲዮ ኮንፈረንስ ገባላቸው፤ ማዕከል ይናገራል፣ ወረዳ ያዳምጣል። ሳህኑ ቢያረጅም አስተሳሰቡ አላረጀም። መስመር ሲቋረጥስ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የሩቁ ባለሙያ ዕውር ነው፤ በደሴ፣ በወልድያና በደብረ ታቦር ዞሮ እስኪመጣ ባለጉዳዩ ይጠብቃል?

ለልጁ በራሱ ስም አካውንት ክፈቱለት፤ የገባበት ሰዓት ይመዝገብ። የአድሚኑ ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ከኃላፊው ካዝና ይቀመጥ። ፕሮግራሙ በየትኛው ሴሽን እንደሚነሣና ሎጉ የት እንዳለ በአንድ ገጽ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ ከሰርቨሩ ክፍል በር ላይ ይለጠፍ። ለዚህ ጨረታ አይወጣም፤ አንድ ወረቀትና አንድ ፖስታ ይበቃል።