ለሕፃን የሚገዛ ታብሌት፤ ዝም የሚያሰኝ ወይስ የሚያናግር?



በዛሬው ዘመን ትንሽ ልጅ ያለውን ሰው ከሚያሳስቡት ነገሮች አንዱ የመጀመሪያውን ታብሌት መምረጥ ነው። እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ እንዲህ ያለው ዕቃ እናውቃለን ተብሎ ስለሚታመን፥ ጎረቤቱም ዘመዱም «የትኛው ይሻላል? ስንት ኢንች ይሁን?» እያለ ይጠይቀናል። እኔም የአምስት ዓመት እኅት አለችኝ። አባቴ የሚጥሉት ዕቁብ ሊደርሳቸው ስለ ተቃረበ፥ ከገንዘቡ ላይ ለእርስዋ ታብሌት ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለው ጉዳይ በቤታችን ማታ ማታ ይነሣል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንደሚባል ባውቅም፥ ያሰብሁትን በትሕትና ለማቅረብ እወዳለሁ።

በእኔ አስተያየት ከዋጋውና ከስሙ በፊት ልንጠይቀው የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ዕቃው ልጁን ዝም እንዲያሰኝልን ነው ወይስ እንዲያናግርልን የምንገዛው? የሚለው ነው። ልጁ ካየው ተነሥቶ «ይህ ምንድን ነው? ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ፥ የሰማውን ቃል ደግሞ የሚናገር፥ ያየውን በወረቀት ለመሣል የሚነሣ ከሆነ፥ ታብሌቱ እያስተማረው ነው። ስሙ ሲጠራ የማይሰማ፥ ሲወሰድበት ግን የሚጮህ ከሆነ፥ ታብሌቱ ሞግዚት ሆኗል ማለት ነው፤ ያውም ልጁን አቅፎ የማያውቅ ሞግዚት።

ብዙ ወላጆች የሚቸኩሉበት ምክንያት «ልጄ ከዘመኑ ወደ ኋላ ይቀርብኛል» የሚል ሥጋት ነው። ይህ ሥጋት መሠረት የሌለው መሆኑን የሚያሳይ ታሪክ በገዛ አገራችን ተፈጽሟል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌት በካርቶን እንደ ታሸገ ሰጥቶ ነበር። የሚያስተምራቸው መምህር አልነበረም፤ ባትሪውም የሚሞላው በፀሐይ ኀይል ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደ ተናገሩት፥ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ የማብሪያውን ቁልፍ አገኘ፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ያወርዱት ጀመር፤ በ5 ወር ውስጥም እንዳይሠራ ተደርጎ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ ማሽኑን ለመልመድ ለሕፃን አእምሮ 4 ደቂቃ ከበቃው፥ ስለ ማሽኑ ሲባል የሚያስቸኩል ነገር የለም ማለት ነው። የአማርኛ ፊደል ግን 33 ሆሄያት በ7 ረድፍ ሲባዙ፥ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር፥ 231 ይሆናል፤ ይህን በ4 ደቂቃ የሚያገኘው ልጅ የለም። ልጁ ወደ ኋላ የሚቀረው በቋንቋና በንባብ እንጂ ቁልፍ በመጫን አይደለም። ሁለተኛው ትምህርት፥ ልጆቹ የዘመሩት የእንግሊዝኛውን ፊደል ነበር፤ በዕቃው ውስጥ የተጫነው እርሱ ነበርና። ታብሌት የተጫነበትን ያስተምራል፤ ያልተጫነበትን አያስተምርም። ስለዚህ ልጁ በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ፥ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ፥ የሚሰማውና የሚያየው ነገር በቅድሚያ ሊጫንለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የሕፃናት ዝግጅት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በአሻንጉሊት ቀጭኔ አማካይነት ልጆችን በገዛ ቋንቋቸው ያነጋግራልና።

ዕድሜንም በሚመለከት የሚታወቅ ልክ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፥ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ቢያንስም እንደሚሻል ይናገራል። በአንጻሩ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ያዛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ18 ወር በታች ላሉት ስክሪንን ሲያስቀር፥ በቪዲዮ መነጋገርን ግን ለይቶ ፈቅዷል። ይህ ለእኛ ቤተሰቦች ትልቅ ነገር ነው። አክስቷ በዐረብ አገር ወይም በአሜሪካ ለምትኖር ሕፃን፥ መልስ የሚሰጥ የዘመድ ፊት ከተሣለ አንበሳ ይበልጣል።

እንግዲህ መግዛቱ ከተቆረጠ፥ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነገሮችን ያጣራ። ኢንተርኔት ውድ ስለ ሆነና መብራትም ስለሚጠፋ፥ ዕቃው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፥ ባትሪው የሚቆይ፥ ትምህርቱን አውርዶ የሚይዝ በቂ ሚሞሪ ያለው ይሁን። የአማርኛ ፊደልን አስተካክሎ ማሳየቱን እዚያው ከፍቶ ይመልከት። አፕዴት የተቋረጠበት አሮጌ ሞዴል ከጊዜ በኋላ አዳዲስ መተግበሪያዎችን አልቀበልም ይላል። ዘመድ ያገለገለ ታብሌት ከውጭ የላከ እንደ ሆነ፥ የራሱን አካውንት አስቀድሞ እንዲያወጣ ይለመን፤ ይህ ካልተደረገ ዕቃው ተቆልፎ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መስተዋት ይሆናል፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው። በአንድሮይድ ላይ «ፋሚሊ ሊንክ»፥ በአይፓድ ላይ «ስክሪን ታይም» የተባሉት ሰዓትን ለመወሰንና የማይገባውን ለመዝጋት ያገለግላሉ፤ የይለፍ ቃሉ ግን ከወላጅ ጋር ይቆይ። ሲወድቅ የሚያድነው ወፍራም የጎማ ሽፋንም አይረሳ።

ከሁሉ ይልቅ ገንዘቡ በሙሉ በታብሌቱ ላይ አይለቅ። ትልቅና ውድ ዕቃ ለአምስት ዓመት ልጅ አያስፈልግም። ከሚተርፈው ላይ የፊደል ገበታ፥ እርሳስ፥ ደብተርና አንድ ሁለት የተረት መጽሐፍ ይገዛ። በመስተዋት ላይ በጣት «ሐ»ን መከተልና እርሳስ ጨብጦ «ሐ»ን መጻፍ አንድ ሥራ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠየቀው ሁለተኛውን ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚቀርብ አውቃለሁ፤ ያቀረቡትም እናቴ ናቸው። እናቴ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። ምጣዱ በጋለበት ሰዓት አንዲት ሕፃን በእሳቱ ዙሪያ ከምትሯሯጥ፥ ቁጭ ብላ ታብሌት ብታይ ምን ጉዳት አለው? ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሥራ የበዛባትን እናት ልጇን ግማሽ ሰዓት ዝም ስላሰኘች የሚወቅሳት ሰው ካለ፥ ምጣዱን ተቀብሎ ይጋግር። የእኔ ክርክር ስለዚያ ግማሽ ሰዓት አይደለም። ግማሽ ሰዓቱ ቀኑን ሙሉ እንዳይሆን፥ በዚያም ጊዜ የሚታየው አስቀድሞ የተመረጠ እንዲሆን፥ ከዚያም በኋላ «ምን አየሽ? እስቲ ንገሪኝ» የሚል ሰው በቤት ውስጥ እንዲገኝ ነው። ለአባቴም ያቀረብሁት ሐሳብ ይኸው ነው፤ ታብሌቱ ይገዛ፥ መጠነኛው ይሁን፥ የፊደል ገበታው ግን በዚህ ሳምንት ይቅደም።

«ምን አየሽ?» ብሎ የሚጠይቀውስ ማን ነው? ጓደኞቼ ሆይ፥ እኛ ነን። እናትና አባታችን ከሥራ ደክመው ይገባሉ፤ እኛ ግን ስለ ታብሌት ምክር ስንሰጥ ከዋልን፥ አጠገቡ ለመቀመጥ ጊዜ የለንም ማለት አያምርብንም። በመጪው ክረምት ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያለን ሁሉ በቀን ግማሽ ሰዓት ከእነርሱ ጋር እንቀመጥ። ደግሞም የአያቶቻችንን ተረት በስልካችን ቀድተን በታብሌቱ ላይ እንጫን፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፥ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ሕፃኑ የአያቱን ድምፅ ሰምቶ «ከዚያስ ጅቡ ምን አለ?» ብሎ ወደ እኛ ዞሮ የጠየቀ ቀን፥ ያ ታብሌት በእውነት የተገዛበትን ዋጋ አወጣ ይባላል።