በሩን የዘጋነው እኛ ከሆንን



ካለፈው ዒድ በኋላ አንድ ወንድማችን ያጫወተን ነገር ከአእምሯችን አልወጣ ብሎ ነው ይህን የምንጽፈው። ወንድማችን የፋርማሲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ለመመረቂያ ጥናቱ አንድ የባህል መድኃኒት ተክል በነጭ አይጦች ላይ እየሞከረ ነበር። ዒዱ ከቅዳሜና እሁድ ጋር ገጠመና አራት ቀን እረፍት ሆነ። እንስሳቱን የሚመግበው ሠራተኛ አገር ቤት ሄደ፤ ቁልፉም አብሮት ሄደ። ወንድማችንም በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ሊያሳልፍ ወጣ። ሁለቱም «ሌላው አለ» ብለው ነበር። ሲመለስ የውኃ ጡጦዎቹ ደርቀዋል፤ ከሠላሳዎቹ አይጦች ዘጠኙ ሞተዋል።

«ከዚያስ ምን አደረጋችሁ?» አልነው።

«ከቁጥር አወጣናቸው» አለን። «ጥናቱ ላይ ሃያ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም።»

ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እኔ ዒድ ላይ ሥጋ ስበላ እነሱ ውኃ እየጠበቁ ነበር» አለን። ስሙን ሳንጠቅስ እንድንጽፈው የፈቀደልንም ራሱ ነው።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ባዮሎጂ፣ የእንስሳት ሕክምና የምንማር ወይም በላቦራቶሪ የምንሠራ ነን። ያልተማርነውም ብንሆን እነዚህ ሙያዎች ያፈሯቸውን መድኃኒቶች እንውጣለን፣ ክትባቶቹን እንወጋለን። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ተማሪ ብቻ አይደለም።

የድመቷ ጉዳይ

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የድመቷን ሐዲስ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። አንዲት ሴት በድመት ሰበብ እሳት ገባች። ብዙ ጊዜ ሐዲሱን የምንናገረው «ለእንስሳ እዘኑ» ለማለት ያህል ነው። ግን የሴትየዋን ጥፋት ልብ ብለን እንመልከተው። ድመቷን መታቻት ወይም አረደቻት አልተባለም። ዘጋችባት፤ አላበላቻትም፤ ወጥታ ከምድር ነፍሳት እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ጥፋቱ ያለው በሩ ላይ ነው።

ሜዳ ላይ ያለ እንስሳ ጎርፍ ሲመጣ ይሸሻል፣ ሲጠማው ወንዝ ይወርዳል። በሩን የዘጋንበት እንስሳ ግን ከእኛ እጅ በስተቀር ሌላ የሪዝቅ መንገድ አልተውንለትም። መብላቱም፣ መጠጣቱም፣ ከአደጋ ማምለጡም በእኛ ላይ ወድቋል። ይህ አማና ነው። አማናው ደግሞ በሥራ ቀን ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ አይደለም፤ በበዓልም፣ መብራት በጠፋበት ሌሊትም፣ መንገድ በተዘጋ ጊዜም ያው አማና ነው።

ጎርፉ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2001 አሊሰን የተባለው ማዕበል በአሜሪካ ቴክሳስ የሂውስተንን ከተማ አጥለቀለቀ። በዓለም ላይ ከታወቁ የሕክምና ማዕከሎች አንዱ እዚያ ነው። የምርምር እንስሳቱ የሚኖሩት በሕንፃዎቹ ምድር ቤት ነበር። ውኃው ሌሊት ገባ። በአንዱ የሕክምና ኮሌጅ ብቻ ወደ 30,000 የሚጠጉ አይጦች ሰጠሙ። በጎረቤቱ የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ ከሺዎቹ አይጦች ጋር ዝንጀሮዎች፣ ውሾችና ጥንቸሎች አለቁ። የሳጥናቸው በር ተዘግቶ ነበር።

በ2005 ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ስትመታ ሰው ከተማውን ለቅቆ ወጣ። በዚያ በነበረ አንድ የጤና ሳይንስ ማዕከል ወደ 8,000 የሚሆኑ የምርምር እንስሳት አለቁ። በጥቅምት 2012 ደግሞ ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒው ዮርክ ደረሰ። በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሕንፃ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ አይጦች ሰጠሙ። የት ነበሩ? አሁንም ምድር ቤት። ከሂውስተን 11 ዓመት በኋላ!

ከእንስሳቱ ጋር ሌላም ነገር ሰጥሟል። የአንዳንዶቹ ዘር በዓመታት ድካም ለአንድ በሽታ ጥናት ተብሎ የተዘጋጀ ነበር፤ የተመራማሪዎች የዓመታት ልፋት በአንድ ሌሊት ጠፋ። ያ ሥራ ሲዘገይ መድኃኒት የሚጠብቀው በሽተኛም አብሮ ይጠብቃል። ለእንስሳው ማሰብና ለሰው ማሰብ አይለያዩም የምንለው ለዚህ ነው።

ሂውስተን ግን ተምራለች። የጎርፍ መከላከያ በሮች ተሠሩ፣ እንስሳቱ ከምድር ቤት ወደ ላይ ወጡ፣ በማዕበል ጊዜ ሕንፃው ውስጥ አድረው የሚጠብቁ ሠራተኞች ተመደቡ። በ2017 ሃርቪ የሚባለው ከባድ ማዕበል ያችኑ ከተማ ሲያጥለቀልቅ የ2001ዱ እልቂት አልተደገመም። ዝናቡን የሰው እጅ አላቆመውም፤ አስቀድሞ መሰናዳት ግን ለውጥ አመጣ።

ሕግ ሲዘገይ

የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ የወጣው በ1966 ነው። መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ፔፐር የምትባል የአንድ ቤተሰብ ውሻ ናት፤ በ1965 ተሰርቃ በኒው ዮርክ ሆስፒታል ሙከራ ሲደረግባት ሞተች፤ ሕዝቡም ተቆጣ። በ1985 ሕጉ ሲሻሻል እያንዳንዱ ተቋም ተቆጣጣሪ ኮሚቴ እንዲኖረው ተደነገገ። በኮሚቴው ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ይኖራል፤ ከተቋሙ ጋር ምንም የሥራ ግንኙነት የሌለው የውጭ ሰውም መኖር አለበት። ኮሚቴው በዓመት ሁለት ጊዜ ቤቶቹን እየዞረ ይመለከታል። የውጭው ሰው ለምን አስፈለገ? ለምደነው ያለፍነውን ነገር እንግዳ ዓይን ያየዋልና ነው።

የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ግን እስከዚያን ጊዜ በሕጉ ግዴታ አልነበረም። ከካትሪና በኋላ ደንቡ ተረቅቆ በ2012 መጨረሻ ወጣ፤ በ2013 ታገደ፤ በሥራ ላይ የዋለው በ2022 መጀመሪያ ነው። ደንቡ የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ መብራት ቢጠፋ፣ ውኃ ቢቋረጥ፣ እሳት ቢነሳ፣ ሠራተኛ ቢቀር ማን ምን ያደርጋል የሚለውን መጻፍና ሠራተኛውን በዚያው ማሠልጠን። ከካትሪና እስከዚያ 16 ዓመት ፈጀ።

ሌላም ጉድለት አለ። በ2002 በተደረገ ማሻሻያ ለምርምር ተብለው የሚረቡ አይጦችና ወፎች ከዚህ ሕግ ውጭ ሆነዋል። በመንግሥት የጤና ምርምር ገንዘብ የሚሠሩ ተቋማት በሌላ መመሪያ ይጠይቋቸዋል እንጂ፣ በሕጉ ዓይን አይጥ «እንስሳ» አይደለችም። በሂውስተን ከሰጠሙት አብዛኞቹ እነማን እንደነበሩ ልብ በሉ።

«ሰው እየተቸገረ ስለ አይጥ?»

ይህን የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በሌላ በኩል «እንግዲያው በእንስሳ ላይ መሞከር ጭራሽ ይቅር» የሚሉ አሉ። ሁለቱንም አንልም።

ሙከራው ያመጣውን ጥቅም እናውቃለን። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉት ረሃብ የመጣው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ከጨረሰ በኋላ ነው። ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ ያጠፋውም በምርምር የተገኘ ክትባት ነው። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ሥራውን የጀመረው በሥጋ ደዌ ላይ ነው። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ምግብ ላይ ማብቀል አልተቻለም፤ ሳይንቲስቶች ያሳደጉት በአይጥ እግር መዳፍና አርማዲሎ በሚባል እንስሳ ውስጥ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በአገራችን ለብዙ ዓመታት ከበግ አንጎል ይዘጋጅ ነበር። ስንት ሕፃን በዚያ ተከታታይ መርፌ ተርፏል! ዑለማዎችም ለሰው ልጅ እውነተኛ ጥቅም ሲኖርና ሌላ መንገድ ሲታጣ፣ አላስፈላጊ ስቃይን በመከልከል፣ እንዲህ ያለውን ሥራ የፈቀዱ ብዙ ናቸው።

ፈቃዱ ግን ከነቅድመ ሁኔታው ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በማረድ ጊዜ እንኳ ቢላዋን መሳልና እንስሳውን ማሳረፍ አዘዋል። ሊታረድ ነው ብለው «ምን ለውጥ አለው» አላሉም። እንዲያውም ኢሕሳንን ያስተማሩን ሞቱ በቀረበ እንስሳ ላይ ነው። እንዲሁም ነፍስ ያለውን ነገር አስሮ የዒላማ መለማመጃ ማድረግን ከልክለዋል። ለማይረባ ጥናት፣ ለወረቀት ማሟያ ብቻ የሚሞት እንስሳ ከዚያ በምን ይለያል?

ሳይንሱም ወደዚሁ መጥቷል። በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ያስቀመጧቸው ሦስት መርሆዎች ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራባቸዋል፦ በእንስሳ ፋንታ ሌላ ዘዴ ካለ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ስቃዩን ማቅለል። ወንድማችን ጋ የሞቱት ዘጠኙ አንዱንም መርሆ አላገኙም። በጥናቱም አልጠቀሙም፤ የተጠሙ እንስሳት የሰጡት ውጤት ደግሞ ስለ ተክሉ ይናገር ስለ ጥማቱ ማን ያውቃል? ያንን ውጤት አምኖ መድኃኒቱን የሚጠጣው ሰው ነው። «ሰው እየተቸገረ» ላላችሁን መልሳችን ይህ ነው።

«ቀደር ነው»

«ጎርፉም፣ መብራት መጥፋቱም የአላህ ውሳኔ ነው፤ ምን ማድረግ ይቻላል?» የሚለውም ይመጣል። በቀደር እናምናለን። ነገር ግን ግመሉን ፈትቶ በአላህ ልመካ ያለውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስቀድሞ እንዲያስራት እንዳዘዙት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ሰባቱ የድርቅ ዓመታት እንደሚመጡ ሲያውቁ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህሉን ከነዛላው አስቀመጡ። ዕቅድ የተወኩል ተቃራኒ ቢሆን ኖሮ ነቢይ ጎተራ ባልሞላ ነበር። መለዋወጫ ቁልፍ ያላስቀመጠ ሰው በዒድ ማግስት ቀደርን ቢጠቅስ፣ ስንፍናውን በአላህ ላይ ማሳበቡ ነው፤ አላህ ይጠብቀን።

ምን እናድርግ?

በላቦራቶሪ የምንማርና የምንሠራ ወንድሞችና እህቶች፣ እነዚህን ጥያቄዎች ሥራ ከመጀመራችን በፊት እንጠይቅ፦

1. ቁልፉ ስንት ሰው ጋ አለ? አንድ ሰው ጋ ብቻ ከሆነ ያ ሰው በታመመ ቀን በሩ ለሁሉም ተዘግቷል።
2. በበዓልና በእረፍት ቀን ተራው የማን ነው? ስሙና ስልኩ በሩ ላይ ይለጠፍ። በዚህ ጉዳይ እኛና ክርስቲያን ጓደኞቻችን ልንደጋገፍ እንችላለን፤ በዒድ እነሱ፣ በፋሲካና በገና እኛ።
3. መብራት ወይም ውኃ ለሦስት ቀን ቢጠፋ ምን አለን? ጄሪካን ውኃና ተጨማሪ መኖ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።
4. ሸሽተን መውጣት ግድ ቢሆን እንስሳቱ ምን ይሆናሉ? መውጣት የሚችሉት የትኞቹ ናቸው? ለማይችሉት ሳይሰቃዩ እንዲያልፉ የሚወስነው ሐኪም ማነው? ይህ በድንጋጤ ሰዓት የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።
5. ጥናቱን የገመገመው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የእንስሳቱን ቤት አይቶታል ወይስ ያየው ወረቀቱን ብቻ ነው?
6. የሞተ እንስሳ ካለ ከነምክንያቱ ይጻፍ። ከቁጥር ማውጣት ሐቅን መደበቅ ነው፤ የተደበቀ ጥፋትም ይደገማል።

ላቦራቶሪ የማንገባ ሰዎችስ? በግቢያችን በግ ያሰርን፣ ቆጥ ላይ ዶሮ የዘጋን፣ ለዒደል አድሓ የገዛነውን ሙክት ሦስት ቀን በአጭር ገመድ ፀሐይ ላይ ያቆምን ስንቶቻችን ነን? ገመዱን ያሰረው እጅ ውኃውንም ማቅረብ አለበት።

ወንድማችን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደውሎልን ነበር። ወደ አማካሪው ሄዶ እውነቱን ተናግሯል። ዘጠኙ በውኃ እጥረት መሞታቸውን ጥናቱ ውስጥ ጽፎታል፤ ነጥብ ሊቀንስበት ይችላል። ሁለተኛ ቁልፍም አስቀርጿል፤ የተቀረጸበትን ብር ከኪሱ ከፍሏል። «አሁን ቁልፉ ጥበቃው ጋ አለ» አለን፤ ድምፁ ቀለል ብሎት ነበር።

አላህ በእጃችን ያደረገውን ሁሉ በአማናው ከሚጠብቁት ያድርገን፤ አሚን።

ለሚመለከታቸው ወንድሞችና እህቶች ሼር አድርጉ።