ቤት አከራይቶ አድራሻ መንፈግ

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂላችን በክፉ ዘመን ብዙ ሰው ከመዘዝ አድኗል። ዛሬ ግን በአሜሪካ ምድር በኪራይ ቤት የሚኖረውን ወገናችንን ወደ ገደል እየገፋው ያለው ይኸው ብሂል ነው ብል የሚቆጡኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ይቆጡ። የውጭ ዜጋ አድራሻውን ለኢሚግሬሽን የማሳወቅ ግዴታ በተነሣ ቁጥር የሕጉን ክፋት ብቻ እያወራን የራሳችንን ድርሻ ስንሸፍን ኖረናል። ከአዲስ መጤ እንግዳ የወር ኪራይ እየተቀበለ «በቤቴ አድራሻ ደብዳቤ እንዳይመጣብኝ» የሚል አከራይ የሚያከራየው ወጥመድ ነው። ክርክሬ ይህ ነው።

አስቀድመን ሕጉን እንመልከት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ የውጭ ዜጎችን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓን ሲያምስ፣ በ1940 ባወጣችው ሕግ ነበር። በ1952 የወጣውና እስከ ዛሬ የኢሚግሬሽን ሕጉ መሠረት የሆነው አዋጅ ደግሞ የውጭ ዜጋ መኖሪያውን በለወጠ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ግሪን ካርድ የያዘውም፣ ተማሪውም፣ ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቀውም በዚሁ ግዴታ ሥር ናቸው፤ ከዲፕሎማቶችና ከአንዳንድ ጎብኚዎች በቀር የሚዘለል የለም። ቅጹ ኤአር-11 ይባላል፤ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ክፍያም የለውም። ሳያሳውቅ የቀረ ሰው እስከ 30 ቀን ሊታሰር ይችላል። በአዋጁ ላይ 200 ዶላር ተብሎ የተጻፈው መቀጮም በሌላ የቅጣት ሕግ ምክንያት እስከ 5,000 ዶላር እንደሚደርስ መንግሥት በ2025 ባወጣው ደንብ ላይ ገልጿል። ይባስ ብሎ፣ ሆን ብሎ እንዳላደረገው ወይም በቂ ምክንያት እንደነበረው ማስረዳት ያልቻለ ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል።

ለመሆኑ ይህን ያህል ቅጣት የደነገገ መንግሥት የተነገረውን አድራሻ እንዴት ይዞታል? ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ፣ በ2002፣ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የጆን አሽክሮፍት መሥሪያ ቤት ለዓመታት ተኝቶ የነበረውን ይህን ግዴታ ሊያስከብር መነሣቱን አስታወቀ። በዚያው ሰሞን ስደተኞች በታማኝነት ሞልተው የላኳቸው 200 ሺህ ያህል የአድራሻ ለውጥ ቅጾች በካንሳስ ሲቲ አቅራቢያ፣ ከመሬት በታች ባለ መጋዘን፣ በካርቶን ታሽገው ሳይመዘገቡ መቀመጣቸው በጋዜጦች ተዘገበ። ግዴታውን የፈጸመውም ያልፈጸመውም በመንግሥቱ መዝገብ ላይ እኩል ጠፍተው ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ካርቶኑ በኮምፒውተር ተተክቷል፤ መሥሪያ ቤቶቹ ግን አሁንም እንደ ተጣላ ጎረቤት የየራሳቸውን በር ዘግተው ነው የሚኖሩት። ኤአር-11 የሞላ ሰው ለኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት አሳወቀ ማለት አይደለም፤ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ በእጁ ያለ ሰው ኢኦአይአር-33 የተባለውን የራሱን ቅጽ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያስገባለት ይፈልጋል። ፖስታ ቤት ሄዶ ደብዳቤው ወደ አዲሱ ቤት እንዲዞርለት ያስመዘገበውም እፎይ ማለት አይችልም፤ የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ የሚልካቸውን ደብዳቤዎች ፖስታ ቤቱ አያዞርምና። አምስት ሆኖ ፍርድ ቤት የቀረበ ቤተሰብም አምስት ቅጽ ይሞላል። «እኔ ዜጋ ሆኛለሁ፤ ይህ አይመለከተኝም» የሚለው ወንድማችንም ቢሆን እናቱን ለማምጣት የድጋፍ ቃል ፈርሞ ከሆነ፣ ያ ቃል እስኪያበቃ ድረስ ቤት በለወጠ በ30 ቀን ውስጥ አይ-865 የተባለ ቅጽ የመላክ ግዴታ አለበት።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የመንግሥት ነው። ቀጥሎ ያለው የእኛ ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ፣ አዲስ መጤ ወገናችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በሌላ ሐበሻ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። የጽሑፍ ውል የለም፤ ኪራዩ በእጅ ይከፈላል፤ ስሙም በፖስታ ሳጥኑ ላይ አይለጠፍም። ደብዳቤው የት ይምጣ ሲል «የአክስትህን ልጅ አድራሻ ስጥ» ይባላል። የማውቃት አንዲት እኅት የደረሰባት ይኸው ነው። አከራይዋ አድራሻውን ስለከለከሏት ለፍርድ ቤቱ የዘመዷን አድራሻ ሰጠች። ዘመዷ ቤት ቀየረ። የችሎቱ ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ የማታውቃቸው ሰዎች ደጃፍ ላይ ወድቆ ቀረ። ዳኛውም እርሷ በሌለችበት ከአገር እንድትባረር ወሰኑ። ጥሪው እርሷ ራሷ ወደ ሰጠችው አድራሻ የተላከ በመሆኑ ሕጉ እንደ ደረሳት ይቆጥረዋል። የጥገኝነት ማመልከቻዋን ከፍቶ ያነበበ፣ የደረሰባትን የጠየቀ አንድም ዳኛ የለም። የተፈረደባት ስለ አገሯ የተናገረችው ሐሰት ሆኖ ተገኝቶ አይደለም፤ የፖስታ ሳጥን ስለ ተነፈገች ነው።

አከራዮቻችን ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? ሁሉም ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። አንዳንዱ የኪራይ ፈቃድ የለውም፤ አንዳንዱ የኪራዩን ገቢ ለግብር አላሳወቀም፤ ብዙው ግን «ኢሚግሬሽን» የሚል ፖስታ ባየ ቁጥር ልቡ ይደነግጣል። ይህ ድንጋጤ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ነው። በደርግ ዘመን የቤት ቁጥርና የቀበሌ መዝገብ የአሰሳ መንገድ መሪዎች ነበሩ። እንግዳ አሳድረህ እንደሆነ ትጠየቅ ነበር፤ ያልተመዘገበ ልጅ ከሞት ይተርፍ ነበር። በዚያ ያለፈ ሰው አድራሻ መስጠት ቢያስፈራው አልስቅበትም። ነገር ግን የዚያን ጊዜው ዝምታ ይሰውር የነበረው መዝገብ ላይ ያልሰፈረውን ሰው ነው። የዛሬው ጥገኝነት ጠያቂ ስሙን፣ አሻራውንና ፎቶግራፉን አስቀድሞ አስረክቧል። እርሱን ዝምታ አይሰውረውም፤ ዝምታ የሚነሣው የመከራከሪያ ቀኑን ነው።

ለአከራዮች አንድ ነገር ላስታውስ። ኤአር-11 የአከራይን ስም አይጠይቅም። የሚጠይቀው የነዋሪውን የቀድሞና የአሁን መኖሪያ ነው፤ ደብዳቤ የሚቀበልበት የተለየ አድራሻ ካለውም ያንን ለብቻው ያስሞላዋል። ስለዚህ ደብዳቤ በቤታችሁ እንዳይመጣ ብትፈልጉ እንኳ፣ ተከራያችሁ በእናንተ ቤት መኖሩን እንዳይናገር መከልከል ሕግ እንዲጥስ ማዘዝ ነው። ቅጣቱም የሚወድቀው በእርሱ ላይ ብቻ ነው።

«አንተ ሰው፣ ጊዜውን አታይም?» የሚለኝ ይኖራል። አያለሁ። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የምዝገባ ግዴታው በአዲስ ደንብ ጠብቋል፤ በዚያው ወር የግብር መሥሪያ ቤቱ የሰዎችን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ፖሊስ ለመስጠት ተፈራርሞ በፍርድ ቤት ክርክር አስነሥቷል። አድራሻ የሰጠ ሰው በሩ ላይ መኪና ሊቆምበት ይችላል የሚለው ሥጋት ተራ ወሬ አይደለም። ቀድሞ የተወሰነበት የመባረር ትእዛዝ ያለበት፣ ወይም ምንም ዓይነት ፋይል የሌለው ሰው ማንኛውንም ቅጽ ከመሙላቱ በፊት ፈቃድ ያለውን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ ጠበቃ ስል ቅጽ ሞልቶ ገንዘብ የሚቀበለውን ጎረቤት ማለቴ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለውና ጉዳዩ በችሎት ያለው ሰው ግን አድራሻውን በመደበቅ የሚያተርፈው የለም።

ሕጉም ቢሆን ሚዛኑ የተዛባ ነው። በጀርመን ማንኛውም ነዋሪ፣ ዜጋም ሆነ የውጭ ሰው፣ አዲስ ቤት በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ከኖቬምበር 2015 ወዲህ ደግሞ አከራዩ ተከራዩ መግባቱን በጽሑፍ የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። የጀርመን ቢሮክራሲ ገነት ነው አልልም፤ ቢያንስ ግን ተከራዩ ብቻውን ሊወጣው የማይችለውን ግዴታ ብቻውን አላሸከመውም። የአሜሪካ ሕግ በአንጻሩ ቁልፉን ለአከራዩ፣ ቅጣቱን ለተከራዩ ሰጥቷል።

ከመንግሥት የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሰው አድራሻውን አንድ ጊዜ በአንድ መስኮት ያስታውቅ፤ መሥሪያ ቤቶቹ እርስ በርስ ይነጋገሩ። ይህን ሳያደርግ 5,000 ዶላር መቅጣት ፍትሕ አይባልም። የመንግሥት ልብ እስኪለዝብ ግን የእኛ እጅ መታሰር የለበትም። አከራይ በጽሑፍ ውል ያከራይ፤ የተከራዩን ስም በሳጥኑ ላይ ይለጥፍ። አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና እድሮች ቋሚ የፖስታ ሳጥን ለሌለው አዲስ መጤ ደብዳቤ ተቀብለው የሚያደርሱበት አሠራር ያብጁ፤ ለሕንጻ ማሠሪያ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለዚህ አይበዛም። ተከራይም ቤት በለወጠ ቁጥር ለየመሥሪያ ቤቱ ለየብቻ ያሳውቅ፤ የላከበትን ማረጋገጫ እንደ ፓስፖርቱ ያስቀምጥ።

ሰውን በቤታችን አሳድረን አድራሻ ከነፈግነው የሸጥንለት ጣሪያ ብቻ ነው። ደብዳቤው የወደቀበትን ሰው ለመርዳት ከችሎቱ በኋላ ገንዘብ ከምናዋጣ፣ ከችሎቱ በፊት የፖስታ ሳጥናችንን እንክፈትለት።

ቸር እንሰንብት።