ከጫማ ጠጋኙ ጎን
በተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ አመዳደብ አራተኛ እትም የኮምፒውተርና የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ክፍል 26 ናቸው፤ የእጅ ስልክ ፋብሪካ 2630። ስልክ ጠጋኙ ግን ክፍል 95 ገብቶ ከጫማ ጠጋኝ ጋር ይቆጠራል (ጫማ ጠጋኙን መናቄ አይደለም)። ለባሕር ዳር ይህ በአምራችና በጠጋኝ መካከል የተሰመረ መስመር አይመቻትም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ የእጅ ሙያን ያስለመዳት ከተማ ናት፤ ግቢው ዛሬም «ፖሊ» ነው። እዚህ ከሦስት የሞቱ ስልኮች አንድ ሕያው የሚያወጣ ልጅ ምን ይባል? አመዳደቡ የተገዛ ዕቃ መገጣጠምንም ማምረት ይለዋል። ስለዚህ በካርቶን የመጣ አካል በብሎን የሚገጣጥመው 26 ሲሆን፣ ቦርዱን በአጉሊ መነጽር አንብቦ የሚበይደው 95 ነው። እኔ ብጠየቅ የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀቱ ያለው ሁለተኛው ዘንድ ነው፤ ቆጠራ ሲመጣ ግን በአምራቾች ዓምድ አይገኝም።