ድምፁስ የት ሄደ?

«ኔትዎርክ የለም» የምትለው ሐረግ በዘመናችን የጥያቄ ሁሉ መዝጊያ ሆናለች። እኔ ራሴ በባንክ መስኮት ተቀምጬ ስንቱን ባለጉዳይ በዚህች ሐረግ መልሻለሁ! አንዳንዴ እውነት ናት፤ አንዳንዴ ግን ሳንመረምር የምንሰጣት ፍርድ ናት። ይህን ያስተማረኝ የገዛ ቤቴ ነው።

እናቴ ታማ በተኛችበት ሰሞን፣ ዋሽንግተን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በኢንተርኔት ደወለ። የጥሪው ፕሮግራም ያለው ሳሎን በተቀመጠው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ከአልጋዋ አጠገብ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ፕሮግራሙን ስለማይችለው፣ በዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ አማካይነት የሳሎኑን ኮምፒውተር ከመኝታ ቤት ሆኜ አዝዘው ነበር። የወንድሜ ፊት መጣ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። እናቴ፣ «ምነው ዝም አለኝ? ተቀየመኝ እንዴ?» አለች። እኔም እንደ ልማዴ «ኔትዎርክ የለም፣ እማዬ» አልኳት።

በዚህ መሐል የእህቴ ልጅ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ ያ የአሜሪካው ጋሼ ሳሎን ውስጥ ብቻውን እያወራ ነው!»

እውነቷን ነበር። ሰው በሌለበት ሳሎን ወንድሜ «እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» እያለ ለወንበሮቹ ይጣራል።

እነሆ፣ ድምፁ አልጠፋም፤ ቦታ ስቷል እንጂ። ለመሆኑ ኔትዎርክ ከሌለ ያ የሚንቀሳቀሰው ከንፈር በምን መጣ? ማስረጃው ከፊቴ ተደቅኖ ሳለ ጥፋተኛውን ሌላ ቦታ ፈለግሁ። ጥፋቱ ግን የእኔው ነበር። ሪሞት ዴስክቶፕ ግንኙነቱ ከመከፈቱ በፊት ድምፁ የት ይሰማ እንደሆነ ያስመርጣል፤ አጠገባችን ባለው ኮምፒውተር፣ በሩቁ ኮምፒውተር፣ ወይም የትም እንዳይሰማ። እኔ ከሳምንታት በፊት ለእንግዶች መዝሙር ሳጫውት የሩቁን መርጬ ረስቼው ኖሯል።

ግንኙነቱን ዘግቼ፣ ምርጫውን ለውጬ እንደገና ስከፍተው የወንድሜ ድምፅ መኝታ ቤት ገባ። አሁን ደግሞ እርሱ እናቴን አይሰማትም! ለካ መስማትና መሰማት ለየብቻቸው የሚፈቀዱ ነገሮች ናቸው። ማይክሮፎኑ እንዲቀዳ በሌላ ምርጫ ካልታዘዘ በቀር አይቀዳም። ይህም ከተፈቀደ በኋላ የጥሪው ፕሮግራም የቀድሞውን ማይክሮፎን የሙጥኝ ብሎ ነበርና፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ከሩቅ የሚመጣውን ድምፅ መምረጥ ግድ ሆነ።

ውድ አንባብያን፣ የምሟገተው ለዚህ ነው፤ ፍለጋ ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ከጥሪው ውጭ አንድ ዜማ በሩቁ ኮምፒውተር ማጫወት ነው። ዜማው አጠገባችን ከተሰማ መንገዱ ደህና ነው፤ ችግሩ በጥሪው ፕሮግራም ምርጫ ላይ ነው። ካልተሰማ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ቀጥሎ ማይክሮፎኑን እንዲሁ በተራው መፈተሽ። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚነካካ ሰው፣ ቢሳካለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም።

«ይህ የባለሙያ ጣጣ ነው፣ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ ባይዞር የሚሻለውን ድምፅ ማዞር አይገባም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተሰኘው ምክረ ሐሳቡ፣ ንግግር በአንድ አቅጣጫ ሲጓዝ ከ150 ሚሊ ሴኮንድ ባይዘገይ መልካም እንደሆነ ይገልጻል። የወንድሜ ድምፅ አንዴ ከዋሽንግተን ሳሎን፣ ዳግም ከሳሎን መኝታ ቤት ሲጓዝ እያንዳንዱ ጉዞ መዘግየት ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ሰዎች አንዱ የሌላውን ቃል እየረገጡ ይነጋገራሉ። ስለዚህ አጠገባችን ያለው ኮምፒውተር ከቻለ ጥሪውን በቀጥታ በእርሱ መቀበል ይበልጣል።

ነገር ግን የባለሙያ ነው ብሎ መተው ሌላ ዋጋ አለው። ያቺ ልጅ ወደ ሳሎን ባትገባ ኖሮ እናቴ ልጄ ተቀየመኝ ብላ ታድር ነበር። ያልተሰማ ድምፅ እንዲህ ቂም ይመስላል፤ የተናገረውም አልሰሙኝም ሳይሆን አልመለሱልኝም ብሎ ይሄዳል።

በማግስቱ አንድ አዛውንት ወደ መስኮቴ መጡ። ገንዘባቸው አልታይ አለኝ። «ኔትዎርክ የለም» ልል አፌን ከፈትሁና ተውሁት። «አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ የት እንደቆመ ልይ» አልኋቸው።